ከቫስኪቫራ ቦይ ስለወጡት ምንጣፎች

የምስክር ቃል

ስም፦ ራይሞ ካርና
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የብረታ ብረት ማጣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ቫስኪቫራ መንደር፣ ሃውኪ ሐይቅ ዳር፣ ሰሜን ካሬሊያ፣ ፊንላንድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጁን 22 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ በሃውኪ ሐይቅ ላይ የደረሰ የዓሣ ሞት
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ኢልካ ሂርቮነን

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ይህን ቃል የምሰጠው ተገድጄ ሳይሆን በፈቃዴ ነው። እውነቱን ብቻ እንድናገር ኮንስታብሉ አስጠንቅቆኛል። እኔም እውነት ለመናገር ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልገኝ ነግሬዋለሁ። ይህ ለጉዳዩ አይጠቅምም ቢለኝም ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፏል።

ኮንስታብሉ በቅድሚያ የጠየቀኝ ባለፈው እሑድ ጠዋት ከሳሹ ኦስሞ ሆይካ ሐይቁ ውስጥ ባኖረው የሽቦ ሳጥን የነበሩት ዓሦች በምን እንደሞቱ አውቅ እንደሆነ ነው። አውቃለሁ። የሞቱት በመዳብና በዚንክ ነው። መዳቡና ዚንኩ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። ነገር ግን ከመጨረሻው ብጀምር ኬሚስቷ ሄይዲ ላምፔላ ባልሠራችው ሥራ እንደተጠረጠረች ትቀራለች፤ እኛ የሠራናቸው ምንጣፎችም ስማቸው እንደጠፋ ይቀራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንድጀምር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

መንደራችን የተቆረቆረው በመዳብ ምክንያት ነው። ማዕድን ማውጫው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከማዕድኑ የተረፈው የአሸዋ ክምር ግን አሁንም ኮረብታው ሥር አለ፤ ዝናብና የበረዶ ውሃ በገባበት ቁጥር አኮምጥጦ ያወጣዋል። ይህ ኮምጣጣ ውሃ መዳብና ዚንክ አሟሙቶ በመንገዱ ዳር ባለው ቦይ አድርጎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እኔ ልጅ ሳለሁ በቦዩ አፍ አካባቢ መረብ የሚጥል ሰው አልነበረም፤ የሚጥል ቢኖር እንግዳ ነበር።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በባሕር ጠረፍ ባለ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከአሲድ ውስጥ ብረት የሚለቅሙ ፖሊመሮችን ስጠብቅ ነው። ኮንስታብሉ ፖሊመር ብረት እንዴት እንደሚለቅም እንዳስረዳው ስለጠየቀኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። ፖሊመሩ የፕላስቲክ ዘመድ ነው። ገላው ላይ የብረት አዮን የሚጨብጡ እጆች ተተክለውበታል። በመጠኑ በኮመጠጠ ውሃ ውስጥ ሲገባ መዳቡን ጨብጦ ውሃውን ያሳልፋል። ውሃው እጅግ ሲኮመጥጥበት ግን መዳቡን ለቆ አሲዱን ይጨብጣል። በዚህ ጠባዩ ምክንያት ፖሊመሩ በብረት ሲሞላ በጠንካራ አሲድ ይታጠባል፤ የያዘውን በትንሽ ዕቃ ውስጥ አስረክቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። «ይህ ካልገባህ የቀረው አይገባህም፤ ልድገምልህ?» ብዬ ጠይቄው ገብቶኛል ብሏል።

ሄይዲ ላምፔላ ከምርምር ተቋሟ ወደ መንደራችን የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ይዛ የመጣችውም ይኸው ፖሊመር በክር መልክ የተሠራ ነበር። በፋብሪካ ያሸመነችውን ጨርቅ ቦዩ ውስጥ ዘረጋችው፤ ጨርቁም በጥቂት ቀን ውስጥ በጭቃ ተደፍኖ ውሃው በላዩ መፍሰስ ጀመረ። ደግማ ዘረጋች፣ ደግሞ ተደፈነ። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ ምክር እሰጣት ነበር። ምክሬን ሁሉ እንዳልተቀበለች አልደብቅም፤ ከምክሬም ግማሹ እንደማይረባ አሁን አውቃለሁ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ማይሬ የተደፈነውን ጨርቅ በጣቶቿ እያሸች እንዲህ አለች፦ «ይሄ እኮ ሸራ ነው። ውሃ በሸራ ያልፋል እንዴ? ከእራፊ እንደምንሠራው የወለል ምንጣፍ አድርጉት። ማጉ ይወፍር፣ ሽመናው ይላላ፣ ውሃው በመሃሉ ተንሸራሽሮ ይለፍ።» ሄይዲ ማስታወሻ ሳትይዝ ቆማ አየቻት። ከዚያም «ማይሬዬ፣ ስንት ጣት ይወፍር?» አለቻት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሄይዲ የክሩን ውፍረትና የውሃውን ፍጥነት ስትቀምር፣ ማይሬ ስትሸምን፣ እኔ ምሰሶ ስተክል፣ ሦስታችንም አንድ ሥራ ይዘናል። ማን ምን አመጣ ተብሎ ቢጠየቅ ለይቼ መናገር አልችልም። ማይሬ ግን ሚስቴ ስለሆነች ትንሽ አብዝቼላት እናገራለሁ።

የሽመናው ዕቃ የባለቤቴ እናት የሂልያ ኢኮነን ነው። ሂልያ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። በመጀመሪያ አሻፈረኝ ብላ ነበር። «ከእናቴ በወረስኩት ዕቃ ላይ የፕላስቲክ ቆሻሻ አታዳውሩበትም» አለች። በኋላ ማይሬ ለምናት ፈቀደች፤ የፈቀደችውም «ጠርዙ ከተጣመመ እኔው ራሴ እፈታዋለሁ» ብላ ነው። እንዳለችውም በየቀኑ በትሯን ይዛ እየመጣች ጠርዙን በዓይኗም በጣቷም ትመረምር ነበር። አንድም አልፈታችም። ደግ ቃልም አልተናገረችም።

ምንጣፎቹ ነጭ ሆነው ቦይ ገብተው ሰማያዊ አረንጓዴ ሆነው ይወጡ ነበር። ያ ቀለም መዳቡ ነው። ከላይ ያለውን ዝገት አስቀድመን በኖራ ድንጋይ ኩሬ እናስቀራለን፤ ከዚያ ውሃው በምንጣፎቹ መሃል ያልፋል። ሄይዲ በታች በኩል ቀድታ ስትለካ መዳቡ ከመሣሪያዋ ዓይን ተሰወረ። በዚህ የጸደይ ወራት የዓሣ ጫጩት በቦዩ አፍ ላይ ሲርመሰመስ አይቻለሁ። ሚስቴን ጠርቼ አሳይቻታለሁ፤ ሄይዲን ጠርቼ አሳይቻታለሁ፤ ፖስታ አድራሹንም አስቁሜ አሳይቼዋለሁ። በዕድሜዬ የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ከሳሹ ኦስሞ ሆይካ የዓሣ ሳጥኑን እዚያ ያኖረው ምንጣፎቻችን ውሃውን ስላጠሩለት መሆኑ እንዲጻፍልኝ አጥብቄ ጠይቄአለሁ። አባቱም አያቱም እዚያ ቦታ ዓሣ አኑረው አያውቁም።

ወደ ነገሩ ስመለስ፣ ባለፈው ሐሙስ ምንጣፎቹ ሞልተው ነበር። ሰኞ አውጥተን አሲዱን በምናስቀምጥበት መጋዘን ውስጥ በተዘጋ ገንዳ ልናጥባቸው፣ የወጣውንም ፈሳሽ በጀሪካን አሽገን ወደ ማጣሪያ ፋብሪካው ልንልክ ተስማማን። ዓርብ እኔና ማይሬ ስለ ሥራችን እንድንናገር ተጋብዘን ወደ ዮኤንሱ ከተማ ሄድን። የተሰጠኝ ጊዜ ሲያልቅ ሰብሳቢዋ ደወል ደውላለች፤ ያም ሆኖ ጨርሻለሁ። ሄይዲ ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑን ፈትሻ በመኪናዋ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄዳለች። ኦስሞ ሆይካ «መኪናዋን ከመጋዘኑ በር ላይ ስትነሳ አይቻለሁ» ያለው እውነት ነው። ያየው ግን መኪና ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ምንጣፎቹ ሐይቁ ዳር ካለው የእንጨት መድረክ አጠገብ በማስጫ አጥር ላይ ተሰጥተው አየናቸው። ነጭ ነበሩ። እኔ ሄይዲ ቀድማን ያጠበች መስሎኝ ደስ አለኝ። ማይሬ ግን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተቻቸው። ጥቂት ቆይቶ ኦስሞ የሞቱ ዓሦች በባልዲ ይዞ መጣና «ያንተ ምሁር አሲዷን ሐይቁ ውስጥ ደፍታ ጠፋች» አለኝ። «ምንጣፍ ምንጣፍ ስትለኝ ኖረህ፣ ይኸው የምንጣፍህ ፍሬ» ብሎ ባልዲውን እግሬ ሥር አስቀመጠው። ሰኞ ፖሊስ መጥቶ መጋዘኑን አሸገ፣ ምንጣፎቹን በኤግዚቢትነት ወሰደ፣ ሄይዲንም ጠርቶ ጠየቃት። ሄይዲ ምንጣፎቹ ሞልተው እንደነበር፣ አንድ ሰው በአሲድ ባዶ እንዳደረጋቸው፣ የመጋዘኑም ቁልፍ ያለው በእሷና በእኔ እጅ ብቻ መሆኑን ተናግራለች። እኔን ግን አልጠረጠረችም፤ ስልክ ደውላ «ራይሞ፣ አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ አንተ ብትሆን ኖሮ እስካሁን አውርተኸዋል» ብላኛለች።

ትናንት ማክሰኞ ማይሬ የእንፋሎት መታጠቢያችንን ሳውናውን ለማሞቅ ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ስትገባ፣ አግዳሚው ሥር ባዶ የአቼቶ ጠርሙሶች ተደርድረው አገኘች። ጠርሙሶቹን አቅፋ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሂልያ ድንች እየላጠች ነበር። በመካከላቸው የተነጋገሩትን እኔ በቦታው ስለነበርኩ እንዳለ አቀርባለሁ።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ አቼቶ ምን ሆነ?»

«ምንጣፍ አጠብኩበት።»

«የቱን ምንጣፍ?»

«ቦይ ውስጥ የጣላችሁትን ነዋ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? የማይሬ ምንጣፎች ቦይ ውስጥ ሻግተዋል አሉኝ። የዩሃኑስ በዓል እሳት ሊነድ ነው፤ አገር በሙሉ በዚያ መንገድ ሊያልፍ ነው። እኔ ሂልያ በሕይወት እያለሁ የልጄ ምንጣፍ አረንጓዴ ሆኖ ይታይ?»

እዚህ ላይ ኮንስታብሉ የከተማ ልጅ ስለሆነ የሚከተለውን አስረድቼዋለሁ። በእኛ መንደር ዩሃኑስ ከምንለው የበጋ አጋማሽ በዓል በፊት ምንጣፉን ሐይቅ ዳር ያላጠበ ቤት የለም። ምንጣፍ መጀመሪያ በጥድ ሳሙና ይፈተጋል። በመጨረሻም ቀለሙ እንዳይለቅ በአቼቶ ይለቀለቃል። ሂልያ ደግሞ የመንደሩ አንደኛ አጣቢ ናት፤ ይህን እኔ ስናገር የመጀመሪያ ጊዜዬ መሆኑን ባለቤቴ ትመሰክራለች።

ሂልያ ቀጥላ የተናገረችው የሚከተለውን ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ምንጣፎቹን ከቦዩ በጋሪ አጋዘች። በሳሙና ብትፈትጋቸው አረንጓዴው አልሄድ አላት። ተስፋ ቆርጣ በገንዳ ውስጥ ለማለቅለቅ አቼቶ ጨመረች። «ያን ጊዜ ውሃው ሰማያዊ ሆነ» አለች። «ቀለሙ ለቀቀ አልኩ። ቀለም ሲለቅ ምን ይደረጋል? አቼቶ ይጨመራል። ጨመርኩ። በጨመርኩ ቁጥር ባሰበት። እኔም እልህ ያዘኝ፣ ጓዳ ገብቼ ያለውን ሁሉ አመጣሁ።»

«ውሃውንስ ምን አደረግሽው?» አለች ማይሬ።

«ሐይቁ ውስጥ ደፋሁት። ከሐይቅ የመጣ ውሃ ወዴት ይሄዳል?»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ኦስሞ አይቶኛል። እርጥቡ ከብዶኝ አጥሩ ላይ የሰቀለልኝ እሱ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬው የካሬሊያ ቂጣ ሰጥቼዋለሁ።»

ኦስሞ ሆይካ ይህን ለፖሊስ ያልተናገረው ዋሽቶ አይመስለኝም። በዩሃኑስ ዋዜማ ሰሞን አሮጊት ሐይቅ ዳር ምንጣፍ ስታጥብ ማየት በእኛ ዘንድ ምንም እንዳለማየት ነው። ታጥባ ነበር ብሎ መናገር ፀሐይ ወጥታ ነበር ብሎ እንደመናገር ይሆንበታል። ያም ሆኖ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ገዳዩን ሲፈልግ የራሱን እጅ ምንጣፉ ላይ እንደሚያገኘው እንዲነገረው ጠይቄአለሁ።

ሂልያ ይህን ስትናገር ሳቅም ቁጣም አንድ ላይ መጣብኝ። እኔ በፋብሪካ ስሠራ የኖርኩትን ሥራ ማንም ሳያስተምራት በገንዳ ውስጥ ሠርታዋለች። አቼቶው ከመዳቡም ከዚንኩም አስለቅቆ ወደ ገንዳው አስገብቶታል። የተበላሸው መጨረሻው ነው፤ ውሃውን በጀሪካን ማሸግ ሲገባ ሐይቅ ውስጥ ተደፋ፣ ሳጥኑ ውስጥ የታጎረው ዓሣም መሸሻ አጣ። አጠባው ግን አጠባ ነው። ሥር ሥሬ ሲሉ ከነበሩት አዲስ ሠራተኞች አንዱም እንዲህ አጥቦልኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ማይሬ ወደ መኝታ ቤት ጠራችኝና በሩን ዘጋች። «ነገ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ አላውቅም በል» አለችኝ። «እናቴ በሰማንያ ስድስት ዓመቷ በፖሊስ አፍ አትገባም።»

«ሄይዲስ?» አልኳት።

«ሄይዲ ወጣት ናት፣ ታልፈዋለች።»

«በሐይቅ ላይ አሲድ የደፋች ኬሚስት ማን ይቀጥራታል? ምንጣፉስ? መርዝ ይተፋል ተብሎ ይቅር? ቦዩ አሁን ባዶ ነው፣ ማይሬ። እኛ እዚህ ስናወራ መዳቡ ይወርዳል።»

ማይሬ አለቀሰች። «እናቴን አሳልፈህ ትሰጣለህ ወይ?» አለችኝ። በእኔና በሂልያ መካከል ያለውን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። እኔ ባወራሁ ቁጥር «ወሬ ምንጣፍ አያጥብም» ትለኛለች፤ እኔም ላለመሸነፍ የምመልሰው አላጣም። አሁን እኔው ስሟን ባነሣ ሰው ሁሉ ራይሞ ቂሙን ተወጣ ይላል። ዝም ብል ደግሞ ያልበደለች ልጅ ትጠፋለች፣ ሥራችንም አብሮ ይጠፋል። ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሳልወስን ዛሬ ጠዋት ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

መኪናው ውስጥ ሂልያ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀምጣ አገኘኋት። በመንገድ ላይ የተነጋገርነው ለጉዳዩ አስፈላጊ ስለሆነ እንዲጻፍ ተስማምቻለሁ።

«እማማ፣ እባክዎ ይውረዱ» አልኳት።

«ንዳ።»

«የት እንደምሄድ ያውቃሉ?»

«ግድግዳው ስስ ነው፤ ያንተ ድምፅ ደግሞ ወፍራም።»

ነዳሁ። ድልድዩን ስናልፍ «ልጅቷ በእኔ ምክንያት ነው የታሰረችው?» አለችኝ። አልታሰረችም፣ ተጠርጥራ ነው አልኳት። «ያው ነው» አለች። ቀጥላም ዓሣውን የገደለው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሳሙናው ወይስ አቼቶው? ሁለቱም አይደሉም፣ ምንጣፉ ውስጥ የነበረው መዳብ ነው አልኳት።

«ይህን ሁሉ መርዝ ምንጣፉ ከውሃው ለቅሞ ይዞት ነበር?»

«ይዞት ነበር።»

«እኔ እስካስለቅቀው?»

«እርስዎ እስኪያስለቅቁት።»

የጣቢያው ሕንፃ ሲታይ «እንግዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስታወራው የነበረው እውነት ነው ማለት ነው» አለች። «ንገራቸው። ስሜን እንዳትዘል፤ የአባቴን ስምም ጨምርበት።» ይህን ከሰማሁ በኋላ የገባሁ በመሆኑ ያለ ፍርሃት እየተናገርኩ ነው።

ኮንስታብሉ አቼቶ እንዲህ ማድረግ ይችላል ወይ ብሎ በጥርጣሬ ስለጠየቀኝ፣ ሄይዲ ለናሙና ቦዩ ውስጥ ካሰረቻቸው የምንጣፍ ቁራጮች አንዱን ምናልባት ካስፈለገ ብዬ ይዤ መምጣቴን ገልጬ አሳይቼዋለሁ። ቁራጩ አረንጓዴ ነበር። ኮንስታብሉ የጣቢያው ቡና ማሽን የሚታጠብበትን አቼቶ ከወጥ ቤቱ አመጣ። ቁራጩን በብርጭቆ ውስጥ አድርገን አቼቶ ጨመርንበትና ሌላውን ጥያቄና መልስ ቀጠልን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆነ፤ የቁራጩም ዳር ዳር ነጣ። ኮንስታብሉ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ «እንዴ» ብሏል። ቃሉን የሚቀበለው ኮንስታብል ይህን በዓይኑ ማየቱን በዚህ ያረጋግጣል፤ ብርጭቆውም ታሽጎ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል።

የምጨምረው ካለኝ ተጠይቄ የሚከተለውን ጨምሬአለሁ። ምንጣፎቹ በፖሊስ ጋራዥ ውስጥ ታጥፈው ተቀምጠዋል። ከዚያ ቦታ ሆነው የሚይዙት ነገር የለም። በማስረጃነት በተቀመጡበት በእያንዳንዱ ሰዓት ቦዩ ወደ ሐይቁ መዳብ እያወረደ ነው፤ የጸደዩ ጫጩቶችም አሁንም እዚያው ናቸው። የሚፈለገው ናሙና ተቆርጦ ይቅርና ቀሪው ይመለስልን። ኮንስታብሉ ያጠበችው ሰው ቃል ሳትሰጥ ኤግዚቢት እንደማይወጣ ነገረኝ። በዚህ ጊዜ ሂልያ ኢኮነን ከኮሪደሩ ሳትጠራ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኮንስታብሉ የእሷ ቃል በሌላ ወረቀት ለብቻው እንደሚወሰድ ቢያስረዳትም «በኋላ በፈለግከው ወረቀት ጻፍ፤ አሁን ግን ከእሱ በታች ጻፍልኝ፤ ከአንድ ቤት ነው የመጣነው» አለች። ለብቻዋ የሚወሰደው ቃል እንደተጠበቀ ሆኖ የተናገረችው እንዳለ ከዚህ በታች ሰፍሯል።

«የኤሊያስ ኢኮነን ልጅ ሂልያ እባላለሁ። ምንጣፎቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ውሃውን ሐይቁ ውስጥ የደፋሁትም እኔ ነኝ። ልጅቷ እጇ የለበትም። ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯት፤ በዓሉን በሰላም ታክብር። ቅጣት ካለ የእኔ ነው። የኦስሞን ዓሣ እተካለታለሁ፤ ዓሣው ግን ድሮም ከሲታ ነበር። ያ ምንጣፍ መርዝ ይተፋል የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ። ምንጣፉ የያዘውን አልለቀቀም፤ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ፣ እሱም በስንት ትግል። በብሩሽ ፈትጌዋለሁ፣ በእንጨት ቀጥቅጬዋለሁ፣ በአቼቶ ዘፍዝፌዋለሁ። አንድ ክር አልጣለም። በሰማንያ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ያለ ምንጣፍ አጥቤ አላውቅም። የማን ሥራ ነው ብትሉኝ የልጆቼ ሥራ ነው።»

የጣቢያው ኃላፊ በስልክ ተጠይቀው ከእያንዳንዱ ምንጣፍ ናሙና ተቆርጦ እንዲቀር፣ ምንጣፎቹ ግን ዛሬውኑ ወደ ቦዩ እንዲመለሱ ፈቅደዋል። ለሄይዲ ላምፔላም በእኔ ፊት ተደውሎ ተነግሯታል።

ኮንስታብሉ ቃሌን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦልኛል። ወደ ሂልያ ቃል ሲደርስ፣ ቀደም ሲል ያላት ልጅ ማይሬ ብቻ መሆኗን ስለመዘገበ፣ «‹የልጆቼ› የሚለው ስህተት ይመስላል፤ ‹የልጄና የባሏ› ብዬ ላርመው?» ብሎ ጠየቀ። ሂልያ ወደ መስኮቱ እየተመለከተች «የጻፍከውን ጽፈሃል» አለችው። እኔም አንዲት ፊደል እንዳትነካ ብያለሁ። ከዚህ በላይ የሰፈረው ሁሉ የተናገርኩትና እውነት መሆኑን፣ ያች ቃልም እንዳለች መቅረቷን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ራይሞ ካርና
ቃል የጨመረችው፦ ሂልያ ኢኮነን
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ኢልካ ሂርቮነን